ሴራሚክ ላይ ብላይንድ ያስገጠምኩበት ሱቅ፦ እጃቸው አሪፍ ነው ቀጠሯቸው ግን...

ኪችንና ሻወር ቤታችሁን እስከ መስኮቱ አፍ ድረስ ሴራሚክ ያለበሳችሁ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ካላችሁ ይሄ ይጠቅማችኋል። ብላይንዱን መምረጥ ምንም አይደለም፣ ጭንቁ መግጠሙ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሴራሚኩ አንዴ ከነቃ ያንኑ ከለር ከየት ታመጡታላችሁ፣ ቢገኝ እንኳን የምርት ዙሩ ስለሚለያይ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆን ያስታውቃል።

የሱቁን ስም አልጠራም ቅሬታም ስላለኝ፣ ቦሌ አካባቢ ካሉት አንዱ ነው። ለኪችን ጨርቅ ልወስድ ስል ፒቪሲ ያለበትን ሮለር (ወደ ላይ የሚጠቀለለውን ብላይንድ) ውሰድ ያሉኝ እነሱ ናቸው፣ ልክ ነበሩ፣ የቁሌት ዘይት በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ ይላል።

ሊገጥም የመጣው ልጅ ባለ ባትሪ ድሪሉን አውጥቶ ገና ሳልናገር ሀመሩን (እየመታ የሚበሳበትን) ሲያጠፋው ልቤ አረፈ። ብዙው ገጣሚ የኮንክሪት ፑንታ (ድሪሉ ጫፍ ላይ የሚሰካውን መብሻ) ሰክቶ ከመጀመሪያው በሀመር ነው የሚገባበት፣ ሴራሚክ የሚፈነዳውም ያኔ ነው። ይሄኛው የወረቀት ፕላስተር ለጠፈና እላዩ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ (ፑንታው እንዳይንሸራተት)፣ ከዛ ጫፉ እንደ ጦር የሾለውን የሴራሚክ ፑንታ ሰክቶ ቀስ ብሎ፣ ብዙም ሳይጫነው፣ በየመሃሉ በእርጥብ ስፖንጅ እያቀዘቀዘ በሳው። ፖርስሊን ቢሆን ኖሮ በዚህ አይሆንም ዳይመንድ ያለበት ነው የሚያስፈልገው አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ፖርስሊን ከተራው የግድግዳ ሴራሚክ በጣም ይጠነክራል። ሴራሚኩን እንዳለፈ ፑንታ ቀይሮ ሀመሩን አበራ፣ ከመስኮት በላይ ያለው አርኪትራቭ ኮንክሪት ስለሆነ ያለዛ አይበሳም። ጎን ላይ ከሆነ ግን ብሎኬት ነው፣ ክፍቱ ቦታ ላይ ካረፈ ተራ ፊሸር (ቪቴው የሚገባበት ፕላስቲክ) ዝም ብሎ ይዞራል።

"ለምን መጋጠሚያው ላይ አትበሳውም፣ ሴራሚኩ አይነካም" ብዬው ነበር፣ ሰው ሁሉ እንደዛ ስለሚል። መጋጠሚያው ሁለትና ሶስት ሚሊ ነው ፑንታው ስድስት፣ ሁለቱንም ጠርዝ ይበላቸዋል ጋሼ አለኝ። ሴራሚክ ደግሞ የሚደክመው ጠርዙና ማዕዘኑ ላይ ነው። ስለዚህ ብሱን ወደ መሀል ወሰደው፣ ብላይንዱ ከላይ የአሉሚኒየም ሀዲድ ስላለው ክሊፑ የትም ቢሆን ይይዛል። ሌላው የወደድኩለት ፊሸሩን ሴራሚኩን አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ እስኪገባ መታ መታ አደረገው፣ ሴራሚኩ ውስጥ ከቀረ ቪቴው ሲጠብቅ ፊሸሩ ያብጥና ይሰነጥቀዋል። ማጥበቁንም በድሪል ሳይሆን በካቻቢቴ ጨረሰው።

ሻወር ቤቱን አላስበሳሁም፣ መስኮቷ ትንሽ ናት ብላይንዱም ቀላል ነው፣ በሚለጠፍ ብራኬት ይበቃል። ግን አብሮት የመጣው ዱብል ቴፕ እርባና የለውም፣ አውልቄ የስሪኤም ቪኤችቢ ቴፕ (በሁለት በኩል የሚለጠፍ በጣም ጠንካራ ቴፕ) አደረግኩበት። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለቴፕ ይመቻል፣ ሳሙናና ቅባቱን በአልኮል ጥርግ አድርጋችሁ ለ24 ሰአት ምንም ሳትሰቅሉበት ተውት፣ ሙሉ ለሙሉ የሚይዘው 72 ሰአት ላይ ነው፣ እስከዛ ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ በእንፋሎት አትሙሉት። ተከራይ ከሆናችሁ ይሄ ይሻላችኋል፣ ስትለቁ በፀጉር ማድረቂያ አሙቃችሁ በጠንካራ ክር ከስር ብትገዘግዙት ይለቃል፣ ሴራሚኩም ምንም አይሆን።

ቅሬታዬ፣ ቀጠሮ አያከብሩም፣ ስልክ ካልደወልክ ማንም አያስታውስህም። ሂሳቡ በካሬ ነው ግን ከአንድ ካሬ በታች የሆነውን እንደ አንድ ካሬ ነው የሚያስከፍሉት፣ የሻወሯ መስኮት ግማሽ እንኳን አትሞላም። ይሄን ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት ቢናገሩ ምን ነበረበት? በተረፈ ሮለር መስኮቱ ውስጥ ሲገባ ጨርቁ ግራና ቀኝ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፣ ማታ መብራት ስታበሩ ጎረቤት ሊያያችሁ ይችላል፣ ሻወር ቤት ላይ አስቡበት።

ደግሞ ብላይንዱ የሚሳብበትን የሰንሰለቱን መያዣ ሳይገጥሙት ሄዱ፣ ሌላ ብስ ላለመብሳት ነው አሉ። ተንጠልጥሎ የሚቀር ሰንሰለት ህፃን አንገት ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ እኔ በዛው ቴፕ ለጠፍኩት፣ ልጅ ያላችሁ ግን እሱን ሳይገጥሙ ቀሪ ሂሳብ እንዳትከፍሏቸው።