ፊልም ወይስ ኮምባይን? ከድራፍቱ በፊት የትኛውን እንመን

ድራፍት፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ክለቦች ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ቀን፣ ሲቃረብ ክርክሩ ይጦፋል። የልጁን ጨዋታ በቪዲዮ (በፊልም) አይቶ መፍረድ ይሻላል ወይስ ኮምባይን በሚባለው የአካል ብቃት ፈተና የተለካውን ቁጥር ማመን? ጥያቄው የ32ቱ የኤንኤፍኤል ክለቦች ብቻ አይደለም። ፋንታሲ ሊግ (በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት የሚፎካከሩበት የምናብ ቡድን ጨዋታ) ውስጥ አዲስ ገቢዎችን የምትመርጡ ሁሉ ትጋፈጡታላችሁ። ኳርተርባኩ ጄደን ዳኒየልስ በ2024 በ2ኛ ምርጫ ወደ ዋሽንግተኑ ክለብ ከመጣ ወዲህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎችማ ከመቼውም በላይ ያገባናል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለሪሲቨር (ኳስ ተቀባዩ) እና ለኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው የማጥቃት መሪ) ፊልም ይቅደም። ፊት ለፊት ለሚገፋፉት የመስመር ተጫዋቾችና ለኮርነርባክ (ሪሲቨሩን የሚከታተለው ተከላካይ) ቁጥሩ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠው። ሁለቱ ሲጋጩ ግን ቁጥሩ ጥያቄ እንጂ ፍርድ አይደለም። ጥያቄውን ይዞ ወደ ፊልሙ መመለስ ነው።

ኮምባይን በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይካሄዳል፤ ከ300 በላይ ተጫዋቾች ይጠራሉ። 40 ያርድ፣ ማለትም 36.6 ሜትር ይሮጣሉ። ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘላሉ። 102 ኪሎ ብረት እየደጋገሙ ይገፋሉ። በሦስት ኮኖች መሃል እየታጠፉ ይሮጣሉ። ትልቁ ጥቅሙ ፍትሐዊነቱ ነው። ከትንሽ ኮሌጅ የመጣውም ከትልልቆቹ አንዱ ከሆነው ከአላባማ የመጣውም በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ መለኪያ ይለካሉ። ችግሩ ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ ተከላካይ አለመኖሩ ነው። የሚገፋ የለም፣ የሚመታ የለም፣ በሰከንድ ውስጥ የሚወሰን ነገር የለም።

ፊልም እውነተኛውን ጨዋታ ያሳያል። ተከላካዩ ሲጠጋው ምን ያደርጋል? አራተኛው ሩብ ላይ ሲደክም እግሩ ይከብደዋል? ግን ፊልምም ያታልላል። ተጋጣሚው ደካማ ከሆነ ሁሉም ጎበዝ ይመስላል። በዚያ ላይ የቴሌቪዥን ካሜራ የሚከተለው ኳሱን ነው። ሪሲቨሩ ጥቂት እርምጃ ሮጦ ከምስሉ ይወጣል። ክለቦቹ 22ቱንም ተጫዋች ከላይ የሚያሳይ ቅጂ አላቸው፤ እኛ አብዛኛውን ጊዜ የለንም።

ልዩነቱን ከ2017 ድራፍት በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ሁለት ሪሲቨሮች፣ ሁለቱም ከዋሽንግተን ግዛት ኮሌጆች። ጆን ሮስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። 40 ያርዱን በ4.22 ሰከንድ ሮጠ፤ በጊዜው የኮምባይኑ ክብረ ወሰን ነበር። ኩፐር ካፕ ከኢስተርን ዋሽንግተን ነው፤ ከትልልቆቹ በታች ባለው ደረጃ የሚጫወት ኮሌጅ። የእሱ ሰዓት 4.62 ሆነ። በዚያ ርቀት ይህ ከ3 ሜትር በላይ ልዩነት ነው፤ ለሪሲቨር ብዙ ነው። ሲንሲናቲ ሮስን በ9ኛ ምርጫ ወሰደው። ካፕ እስከ ሦስተኛው ዙር ጠብቆ በ69ኛ ምርጫ ወደ ራምስ ክለብ ሄደ።

ፊልሙ ምን ይል ነበር? የሮስ ፊልም መጥፎ አልነበረም። በ2016 የውድድር ዘመን 17 የንክኪ ነጥብ (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው መጨረሻ ክልል በማድረስ የሚገኝ) አስቆጥሯል። ግን ትንሽ ሰውነት ነበረው፤ ጉልበቱም ትከሻውም ተጎድቶ ያውቃል። የካፕ ፊልም ላይ ደግሞ ሰዓት የማይለካው ነገር ሞልቶ ነበር። ተከላካዩን በአንድ እርምጃ ያሳስተዋል። ክፍት ቦታው የት እንደሚሆን አስቀድሞ ያያል። «ደካማ ተጋጣሚ ላይ ነው» የሚል ሰው መልሱን እዚያው ያገኝ ነበር። በ2015 ከትልልቆቹ አንዱ የሆነውን የኦሪገን ዩኒቨርሲቲን ሲገጥም 15 ኳስ ይዞ 246 ያርድ ሄደ፤ 3 ጊዜ አስቆጠረ። በ2014 በሮስ ዩኒቨርሲቲ ላይም 3 አስቆጥሯል። ከትንሽ ኮሌጅ የመጣ ልጅ ሲገጥማችሁ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ትልልቆቹን የገጠመበት ጨዋታ ነው።

የሆነው ይታወቃል። ሮስ በመጀመሪያ ዓመቱ አንድም ኳስ አልያዘም። ጉዳቱም አልለቀቀውም። ካፕ በ2021 በያዘው ኳስ ብዛት፣ በያርድና በንክኪ ነጥብ ሊጉን መራ፤ የሱፐር ቦውሉም (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ኮከብ ሆነ።

ይህን ሰምቶ ቁጥርን የሚንቅ ሰው ደግሞ ሪሲቨሩን ዲኬ ሜትካፍን ያስብ። በ2019 ኮምባይን 103 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ያርድን በ4.33 ሮጠ። በኮኖቹ መሃል ግን 7.38 ሰከንድ ፈጀበት። በዝግታው የሚታወቀው ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ እንኳ በ2000 በ7.20 ጨርሶታል። የኮሌጁ፣ የኦል ሚስ፣ ፊልሙም ብዙ አያሳይም ነበር፤ በአብዛኛው ቀጥታ ይሮጥ ነበር፣ የመጨረሻ ዓመቱን ደግሞ የአንገት ጉዳት አቋረጠበት። ክለቦች ፈሩና እስከ ሁለተኛው ዙር መጨረሻ፣ እስከ 64ኛው ምርጫ ወረደ። ሲያትል ወሰደው። በሁለተኛ ዓመቱ 1,303 ያርድ ሄደ። እዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «መታጠፍ ይችላል?» ብቻ አልነበረም። «ቀጥታ ሲሮጥ የሚያቆመው አለ?» የሚለውም ነበር። ፊልሙ ላይ የሚያቆመው አልነበረም፤ ቁጥሩም ያንኑ አረጋገጠ።

ለመከላከያ መስመር አሮን ዶናልድን ማየት ይበቃል። በ2014 ሁሉም ያነሱበት የነበረው ቁመቱን ነው። 129 ኪሎ ሆኖ 40 ያርዱን በ4.68 ሲሮጥ ግን በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፊልሙ ላይ የታየው ፈጣን አነሳስ እውነት መሆኑ ታወቀ። ፊልምና ሰዓት እንዲህ ሲስማሙ ቁመት ሊያስቀር አይገባም። በ13ኛ ምርጫ ሄዶ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይነትን 3 ጊዜ ወሰደ። ለኮርነርባክም ፍጥነትን የማጠብቀው ምክንያት አለኝ። ሪሲቨሩ የሚሄድበትን ያውቃል፣ እሱ አያውቅም። አንድ እርምጃ ሲቀደም የሚያድነው እግሩ ነው።

ኳርተርባክ ከሁሉም ይከብዳል፤ የኮምባይን ሰዓት እዚህ ብዙም አይረዳም። ብሬዲ 5.28 ሮጦ በ199ኛ ምርጫ ሄዶ 7 ሱፐር ቦውል አነሳ። ፊልምም ቢሆን በዚህ ቦታ ሊያሳስት ይችላል። በ2018 ጆሽ ሮዘን ኳስ አወራወሩ ለዓይን ያምር ነበር፤ አሪዞና በ10ኛ ምርጫ ወስዶ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሌላ ክለብ አሳልፎ ሰጠው። ጆሽ አለን ከዋዮሚንግ ሲመጣ ከወረወራቸው ኳሶች ለጓደኛ የደረሱት 56 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በፋሎ ግን በ7ኛ ምርጫ ወሰደው፤ ጉድለቱን በሥራ አስተካክሎ የ2024 የውድድር ዘመን የሊጉ ኮከብ ሆነ። ስለዚህ ኳርተርባክ ስታዩ ዘንድሮን ብቻ ሳይሆን ካቻምናንም እዩ። በየዓመቱ የተሻሻለውን ልጅ እኔ አስቀድማለሁ።

ለመነሻ ይህን እመክራለሁ። ቅንጭብጭብ ቪዲዮዎችን ተዉአቸው፤ ጥሩ ጥሩው ብቻ ተለቅሞ የገባባቸው ናቸው። ከአንድ ልጅ ሦስት ሙሉ ጨዋታ ይበቃል፦ ከጠንካራ ቡድን ጋር፣ ከመካከለኛ ጋር፣ እና ቡድኑ የተሸነፈበት። ከዚያ በኋላ ብቻ የኮምባይኑን ውጤት ክፈቱ። ተጫዋቹ ኮምባይን ላይ ሳይሮጥ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ከተለካ ሰዓቱ ላይ ጥቂት ጨምራችሁ እመኑ። እዚያ የሚወጣው ሰዓት ብዙ ጊዜ ለልጁ ያደላል።