ደብረ ብርሃን–ሸዋ ሮቢት፦ ካፓሲቲቭ የነዳጅ ሴንሰር ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ሴንሰሩ ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ የሠራው 200 ሊትር ታንክ ባለው ኤፍኤስአር አይሱዙ ላይ ነው። መኪናው ወደ ቆላ ሲወርድ ገብስና ባቄላ፣ ሲመለስ ሽንኩርትና ማሾ ይጭናል። በደንብ ከተገጠመና በጥንቃቄ ከተለካ ዕቃው ዋጋውን ያወጣል። እንዲሁ ሰክቶ ስክሪኑን ላመነ ሰው ግን ከነባሩ ጌጅ የባሰ ያሳስታል። ነባሩ ግምት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ይኼኛው 147.3 ሊትር ብሎ ሲጽፍ ግን ማንም አይጠራጠረውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሁለት ቱቦዎች አሉት፤ በመካከላቸው ናፍጣ በሞላ ቁጥር ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅማቸው ይጨምራል፣ ሴንሰሩም ያንን ወደ ሊትር ይመነዝራል። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው እንደ ተንሳፋፊው ጌጅ አይጣበቅም።

ትልቁ ጣጣ ያለው የመግጠሚያው ቦታ ላይ ነው። ለመብሳት ስለሚመች ብቻ ከታንኩ ጫፍ የሚገጥሙ አሉ፤ ለኛ መንገድ ፈጽሞ አይሆንም። ታንኩ 100 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድና 45 ቁመት ቢኖረው አንዲት ሚሊ ሜትር 0.45 ሊትር ትይዛለች። ሴንሰሩ ከመሀል ወደ ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ከሸሸ፣ 8 በመቶ ቁልቁለት ላይ ልኩ በ24 ሚሊ ሜትር ይዛባል፤ ወደ 11 ሊትር ማለት ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ናፍጣው የጨመረ ይመስላል፣ ሲወጣ ደግሞ የጎደለ። ሾፌር ባልወሰደው ነዳጅ የሚጠረጠረው እንዲህ ነው። ቀዳዳው በርዝመቱም በወርዱም መሀል ላይ ይሁን።

ከመብሳት በፊት ታንኩ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ በደንብ ይድረቅ፤ የብረቱ ብናኝም በማግኔት ተለቅሞ ይውጣ። የሴንሰሩ ዘንግ በሰጌቶ ሲቆረጥ ጫፉ ከታንኩ ወለል 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቅር። የተቆረጠው ጠርዝ በሞረድ ይለስልስ፤ ቀጭን የብረት ልጣጭ ሁለቱን ቱቦዎች ካገናኘች ንባቡ ይበላሻል። ዘንጉ ካጠረ በኋላ ባዶና ሙሉ የሚባሉት ልኮች እንደገና መሰጠት አለባቸው፤ ብዙ ገጣሚዎች የሚዘሉት ይህንን ነው።

ልኬቱን ለሌላ ሰው አትተዉ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ታንኩ ባዶ ሆኖ፣ 10 10 ሊትር እየተጨመረ በየመሀሉ 2 ደቂቃ ይጠበቅና ንባቡ ይመዝገብ፤ 20 መስመር ያለው ሠንጠረዥ ይወጣል። ጀሪካን ላይ የተጻፈውን ሊትር አትመኑ፣ እስከ አፉ ሲሞላ ከተጻፈው በላይ ይይዛል። ሚዛን ይሻላል፦ 10 ሊትር ናፍጣ 8.3 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው።

ዜሮው የት ይሁን የሚለው ለብቻው መታየት አለበት። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በነበረው የአሜሪካ የትንንሽ አውሮፕላን ደንብ ጌጁ ዜሮ እንዲያሳይ የሚጠበቀው ታንኩ ሲደርቅ ሳይሆን ሞተሩ ሊጠቀምበት የሚችለው ነዳጅ ሲያልቅ ነበር። ለናፍጣ መኪናም የሚበጀው ይኸው ነው። መሳቢያው ቱቦ አየር መሳብ የሚጀምርበት ልክ ዜሮ ተብሎ ይመዝገብ። ናፍጣ ካለቀበት በኋላ ከመስመሩ አየር እያስወጡ ሞተር ማስነሳት፣ ያውም ጭነት ይዞ ዳገት ላይ፣ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌላ ነገር ይመጣል። ናፍጣ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.083 በመቶ ገደማ ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። ሸዋ ሮቢት በቀትር የተሞላ 150 ሊትር፣ ደብረ ብርሃን አድሮ በ20 ዲግሪ ከቀዘቀዘ 2.5 ሊትር ይቀንሳል፤ ማንም ሳይነካው። ስለዚህ የነዳጅ ስርቆት ማንቂያው በ2 ሊትር ላይ ከተቀመጠ ዘበኛን በከንቱ ይቀሰቅሳል። 8 ሊትር ላይ አድርጉት፤ ደግሞም ፍጥነቱን ተመልከቱ። ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ያወርዳል፣ በጎማ ቱቦ የሚቀዳ ሰው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል።

ያው ብርድ ውሃም ያመጣል። ግማሽ ባዶ ሆኖ ያደረ ታንክ ውስጥ እርጥበት ጠል ሆኖ ከታች ይጠራቀማል። ኤሌክትሪክ በመያዝ አቅም የአየር ልክ 1 ቢሆን የናፍጣ ከ2 ትንሽ ያልፋል፣ የውሃ ግን ወደ 80 ነው። በዚያ ላይ ውሃው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ውሃ የዘንጉን ጫፍ ሲነካ ንባቡ በድንገት ወደ ሙሉ ይዘላል ወይም ባለበት ይደርቃል። ያኔ ሴንሰር ለመግዛት አትሩጡ፤ የታንኩን የታች ቡሎን ፈታችሁ ውሃውን አፍስሱ፣ ዘንጉን አውጥታችሁ በንጹሕ ናፍጣ እጠቡ፣ በኮምፕሬሰር አየር ንፉበት። ሽቦ ወደ ውስጥ አታስገቡ። ማታ ሞልቶ ማሳደር ነገሩን ከሥሩ ይቀንሰዋል።

መብራት ሲበራ ወይም ፍሬን ሲያዝ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የኔጌቲቭ ገመዱ ነው። ቀለም ወይም ዝገት ላይ ታስሯል። ውጤቱን ከ0 እስከ 5 ቮልት በሚሰጥ ሴንሰር ላይ የ0.1 ቮልት ስህተት 4 ሊትር ይሆናል። ሻሲው እስኪያበራ ተፍቆ ይታሰር፣ ቅባት ይቀባ።

የማይችለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ናፍጣ ውስጥ የተቀላቀለን ላምባ አይለይም፣ የሁለቱ ልክ በጣም ይቀራረባልና። ከሞተሩ የተረፈውን ናፍጣ ወደ ታንኩ ከሚመልሰው ቱቦ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ የሚቀዳ ነዳጅም የሞተሩ ፍጆታ መስሎ ያልፋል። ለዚህ መፍትሔው ደርሶ መልሱን በሊትር ማስላት ነው፤ መውረዱን ብቻ ወይም መውጣቱን ብቻ የለካ ምንም አልለካም። ሞልታችሁ ተነሱ፣ እዚያው ማደያ ተመልሳችሁ በዚያው ልክ ሙሉ፣ የገባውን ሊትር ከወትሮው የደርሶ መልስ ፍጆታና ሴንሰሩ ካሳየው ጋር አስተያዩ። በየወሩም በየ20 ሊትሩ ምልክት የተቀረጸበትን ደረቅ ዘንግ ታንኩ ውስጥ ነክሩ፤ ልዩነቱ ከ4 ሊትር ካለፈ ልኬቱ ይደገም።