አይጥ የበላው የሞተር ሽቦ፦ ያገለገለ ሙሉ ዋየሪንግ ወይስ ጥገና?

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አይጥ የሞተሩን ሽቦ በላብኝ፤ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ዋየሪንግ ላምጣ ወይስ እዚሁ አዳማ ላስጠግን?» ዋየሪንግ የሚሉት የሞተሩን ሽቦ በሙሉ ከነሶኬቶቹ ነው። አስጠግን እላለሁ። ይህን የምለው መጀመሪያ ገዝቼ ስለተቃጠልኩ ነው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ2001 ሞዴል ቪትዝ ናት። ሁለት ሳምንት ቆማ ሰንብታ ኮፈኑን ስከፍት ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሽቦ ተልጦ መዳቡ ያበራል። መጀመሪያ ያየው ባለሙያ ቴስተር እንኳ ሳያወጣ «ይሄ አይጠገንም፣ ሙሉ ቀይሪው» አለኝ። አዲስ አበባ ወጣሁ። 24,000 ብር ጠሩብኝ፤ ስከራከር ውዬ በ17,500 ወሰድኩ። መመላለሻ 600፣ የእጅ 5,000። ድምር 23,100 ብር።

ሲገጠም ጉዱ ወጣ። የእኔ መኪና አውቶማቲክ ናት፣ ዋየሪንጉ የወጣው ከማንዋል ነው፤ ወደ ማርሹ የሚሄደው ሶኬት ጭራሽ የለውም። ናስትሮው ሲፈታ ደግሞ በሞተሩ ኮምፒውተር በኩል አንገቱ ላይ በፒንሳ ተቆርጦ፣ ተጠምዝዞ ተቀጥሏል። ሻጩ ጋ ስደውል «እህቴ፣ ከተገጠመ አይመለስም» ብሎ ዘጋው። ያገለገለ ማለት እኮ እሱም ሃያ ዓመት ሞተር ላይ የተቀቀለ ሽቦ ነው። ይህን የሚያስብ ገዢ አላየሁም፤ እኔም አላሰብኩም።

በመጨረሻ ወደ ወንጂ መውጫ ያሉ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። «የራሷን ጣልሽው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ደግነቱ ጓዳ ነበር፤ አምጥቼላቸው የተበላውን ጠገኑት። ማውጣቱንም መግጠሙንም ጨምሮ የእጅ 8,000፣ ዕቃ 1,850፤ በድምሩ 9,850 ብር። በ13,250 ብር ልዩነት የራሴ ሽቦ፣ የራሴ ሶኬት፣ የራሴ ቀለም።

ጥገና ስትመርጡ ግን ሽቦውን ራሳችሁ ግዙ። እኔ መጀመሪያ የወሰድኩትን ጋሼ በቢላ ፋቅ አደረጉት፤ ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የብየዳ ሊድ በደንብ አይይዘውም፣ ቶሎም ይበጠሳል። «ንጹህ መዳብ» ብሎ የሸጠልኝ ሱቅ ሳይከራከር ቀየረልኝ፤ ያውቀው ነበር ማለት ነው። አንድ ወፍራም ዘንግ ያለውን የቤት መብራት ሽቦም እንዳታስገቡ፤ ሞተር ሲርገበገብ ይሰበራል። የሚፈለገው ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ውፍረቱ ከነበረው የማያንስ ሽቦ ነው።

ጠምዝዞ ናስትሮ የሚጠቀልልባችሁን ሰው ሥራውን አስቁሙ። በአዳማ ሙቀት ላይ የሞተር ግለት ሲጨመር ሙጫው ቀልጦ ይፈታል። ጋሼ እያንዳንዱን ቅጥያ በሊድ በየዱ፣ ሲሞቅ የሚኮማተረውን ፕላስቲክ ቱቦ አለበሱት፣ ቅጥያዎቹንም አንድ ቦታ አልደረደሩም፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው አራት ጣት ራቅ ብሎ። አንድ ቦታ ከተከመሩ አንገቱ ይወፍራል፣ አንዱ ቢላጥ ጎረቤቱን ይነካል። የሞተር ንኳኳታ የሚያዳምጠው ሴንሰር ሽቦ በመከለያ የተጠቀለለ ነው፤ እሱን በተራ ሽቦ ቀይሮ «ይሠራል» የሚል ካለ አትመኑት።

ሶኬት ከተሰበረስ? አዲሱ ኮፒ ርካሽ ነው፣ ግን መቆለፊያው በሁለተኛው መንቀል እጅ ላይ ይቀራል፣ ፒኑም ይላላል። ያገለገለ ኦሪጅናል ሶኬት ከአንድ ስንዝር ጭራው ጋር ግዙ።

ሙሉ ዋየሪንግ የምገዛው እሳት ነክቶት የኮምፒውተሩ ሶኬት ከቀለጠ ብቻ ነው። ያኔም የሞተሩን ዓይነትና ማርሹን አመሳክሩ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬቶች ከእናንተው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ፣ ናስትሮውን ሳትፈቱ ብር አትቁጠሩ። ሶኬቱ ሥር ያለውን ሽቦ እጠፉት፤ ልብሱ ከተሰነጠቀ ተዉት።

የ17,500 ብሩ ዋየሪንግ አሁንም ጓዳዬ ውስጥ አለ። ሶኬቶቹን እየቆረጥኩ ለሚቸገር ወዳጅ እሰጣለሁ፤ የኢንጀክተር ከፈለጋችሁ አንድ ቀርቷል።