በመጋላ የተካሄደው የጡት ካንሰር ምርመራ፦ አገልግሎቱ መልካም፣ ጥሪው ጎደሎ

ባለፈው ወር በድሬዳዋ መጋላ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ በነጻ በሰጠው የጡት ካንሰር ምርመራ እኔም ታይቻለሁ፤ ሁላችንም ሆዮ የምንላቸውን ሶማሊኛ ተናጋሪ ጎረቤቴንም ይዤ ሄጄ ነበር። የነርሶቹ ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ክፍሉ በመጋረጃ የተከለለ፣ መርማሪዎቹም ሴቶች ብቻ ስለነበሩ ገላዋን ለሰው ማሳየት የምታፍር ሴት እንኳ ሳትሸማቀቅ ትታይ ነበር። አንዷ ነርስ ከጨርቅ የተሰፋ የጡት አምሳያ ሰጥታን ውስጡ የተቀበረውን ዶቃ በሦስት ጣታችን እየዳበስን እንድንፈልገው አደረገች። ሆዮ በሦስተኛው ሙከራ ዶቃውን ሲያገኙት እጃቸውን ሳያነሡ ዝም ብለው ቆዩ፤ እስከዚያች ሰዓት «ካላመመኝ ምን ያስሄደኛል» ይሉ ነበርና፣ እብጠቱ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም እንደሌለው ያመኑት ያኔ ነው።

ያሳዘነኝ ጥሪው ነው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ከአማርኛ እኩል በሚሰማበት ሠፈር፣ በባጃጅ ላይ የተጫነው ድምፅ ማጉያ የተናገረው በአማርኛ ብቻ ነበር፤ የተመረጠው ሰዓትም ጫት የሚሸጡ ሴቶች ከመደባቸው ሊነሡ የማይችሉበት ቀትር ነው። ቋንቋቸውን የምትናገር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቀደም ብላ ቤት ለቤት ብትዞር፣ ምርመራውም ጠዋት ገበያው ዳር ቢሆን ብዙዎች በመጡ ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን ከምርመራው በኋላ ያለው ነው። ሆዮ በግራ ጡታቸው እብጠት ተገኝቶ ለአልትራሳውንድ የሪፈር ወረቀት ሲሰጣቸው፣ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር እንዳልሆነም ሆነ የት፣ መቼ ሄደው ማንን እንደሚጠይቁ በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው አልነበረም። ወረቀቱን አጣጥፈው ከላይ በሚደርቡት ጨርቅ፣ በጋርባሳራቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ባልጠይቃቸው ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ምልክት ታይቶባት ወደ ጤና ተቋም የመጣች ሴት በ60 ቀናት ውስጥ ቁርጡን እንድታውቅ ግብ ተቀምጧል፤ ስሟንና ስልኳን መዝግቦ የሚከታተላት ሰው ከሌለ ይህ እንዴት ይሆናል?

ሆዮን በ23ኛው ቀን እኔው ወስጃቸው እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ተገኘ። በምርመራው ቀን አብራን ወረቀት የተቀበለች አንዲት ጫት ሻጭ ግን እስካሁን አልሄደችም፤ ትናንት ስጠይቃት ወረቀቱን ከገንዘብ መያዣዋ አውጥታ ምን እንደሚል እንዳነብላት ሰጠችኝ።