የተዳፈነ እሳት

ሚኒሶታ ውስጥ በጥር መኪና ሳያሞቁ መንቀሳቀስ አይታሰብም። በየማለዳው ከልጄ 20 ደቂቃ ቀድሜ እነሳለሁ። መኪናውን አስነስቼ ከመስታወቱ ላይ በረዶ እፍቃለሁ። እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይገባል። «እንዴት አደርክ» የለ፣ ምን የለ።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ልጅ የቤት ሥራውን ይዞልኝ ኩሽና መጣ። እ.ኤ.አ. በ1962 የታተመው የአሜሪካዊው ገጣሚ የሮበርት ሄይደን «እነዚያ የክረምት እሑዶች» ነው። ባለ 14 ስንኝ ግጥም። (ክረምት ሲል የእኛ ዝናብ አይምሰላችሁ፤ የዲትሮይት ብርድ ነው።)

የጠየቀኝ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች፤ «ባንክድ» የምትል። አባትየው ማለዳ የሚያነደው እሳት ምን ዓይነት እንደሆነ የምትገልጽ። ልጄ የገንዘቡ ባንክ መስላው ግራ ገብቶታል። በእንግሊዝኛ ሁሌም የሚያርመኝ እሱ ነው። መስመሩን ደግሞ ሲያነብልኝ ግን ገባኝ። «የተዳፈነ እሳት ነዋ!» አልኩት። ደብረ ብርሃን እናቴ ማታ ማታ ፍሙን አመድ አልብሳ ታሳድረው ነበር። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ጣል ታደርግበትና እፍ ስትለው ይያያዛል። ክብሪት አይባክንም። ልጄ ስልኩን አስቀምጦ አዳመጠኝ።

ግጥሙ ውስጥ አባት እሑድም በጨለማ ይነሳል። ያቺ «ም» ብዙ ትናገራለች፤ ሌላውን ስድስት ቀን አስቡት። እጁ በሥራ ተሰነጣጥቆ ያመዋል። እሳቱን ያነዳል፣ ቤቱ ሲሞቅ ልጁን ይጠራል፣ ጫማውንም ወልውሎለታል። የሚያመሰግነው የለም። ልጁ የሚያናግረው እንደ ባዳ ነው።

እኔን የያዘችኝ አንዲት መስመር ናት። ልጁ ከአልጋው ቀስ ብሎ የሚነሳው የዚያን ቤት ቁጣ እየፈራ ነው። «የአባቴን ቁጣ» አላለም፤ የቤቱን። ማን ማንን እንደሚቆጣ አይነግረንም። ሄይደን እ.ኤ.አ. በ1913 ዲትሮይት ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ለጎረቤት ባልና ሚስት የተሰጠ ልጅ ነው። ያደገበት ቤት ጠብ አያጣውም ነበር። ይህን ግጥም ለአባቶች ቀን መልካም ምኞት አድርጎ የሚልክ ሰው ያቺን መስመር ዘሏታል ማለት ነው።

መጨረሻው ላይ ሁለታችንም ተቸገርን። ገጣሚው ስለ ፍቅር ምን አውቄ ነበር ብሎ ይጠይቅና «ቢሮ» ብለን በምናውቃት የእንግሊዝኛ ቃል፣ በ«ኦፊስ»፣ ይዘጋል። ቢሮ እዚህ ምን ይሠራል? መዝገበ ቃላት ስናይ ለካ ግዴታም፣ የጸሎት ሰዓትም ማለት ነው። ያኔ ሰዓታት ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የሚቆመው። ሁለት ሦስት አገልጋዮች፣ ጧፍ፣ ብርድ። ይህን ለልጄ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እንደገባው እርግጠኛ አይደለሁም።

ቅሬታ አለኝ። እናት የት ሄደች? በ14 ስንኝ ውስጥ አንዴም አትነሳም። ግማሽ ኮከብ ቀንሼበታለሁ፤ ከአምስት አራት ተኩል።

ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን በእንግሊዝኛው፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ክ» የምትለዋ ድምፅ እየተመላለሰች ብርዱን ስትሰነጥቀው ትሰማላችሁ። ልጄ ሲያነበው መስታወቱን የምፍቅ መሰለኝ።