ከቺፕ ተነስቶ የሚገጠመው ባለ 8 ቢት ኮምፒውተር ኪት ለደብረ ብርሃን ተማሪ ይሆናል?

ኮምፒውተርን ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ መሥራት ሲባል ከጀማ ወንዝ አሸዋ መነሳት የሚመስለው አለ። አሸዋ ውስጥ ሲሊከን መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ሲሊከን የሚቀልጠው በ1,414 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ለቺፕ የሚውለውም 99.9999999 በመቶ የጠራው ነው። ስለዚህ በእጅ ሊወረድባቸው ከሚቻሉት ታችኛ እርከኖች አንዱ ይህ ኪት ነው፦ 74ኤልኤስ የሚባሉ ቀላል ቺፖች፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ቀዳዳማ ሰሌዳ)፣ ሽቦና ትንንሽ መብራቶች። ፕሮሰሰሩ ተሠርቶ አይመጣም። ደማሪው፣ ቁጥር ለአፍታ የሚይዘው ሬጅስተር፣ አንድ በአንድ የሚቆጥረው ቆጣሪ ሁሉ እየተገጠመ ይወለዳል። ለመማሪያነት ከዚህ የተሻለ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል።

ድክመቱ መብራት አቀባበሉ ላይ ነው። ቺፖቹ የሚፈልጉት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ነው፤ ከኪቱ ጋር የሚመጣው ብሬድቦርድ ግን ጥርሱ ላላ ስለሚል ቮልቱ እስከ ዳር ሳይደርስ ይወርዳል። በቴስተር መለካት ያለበት ቻርጀሩ ጫፍ ሳይሆን የመጨረሻው ቦርድ ላይ ነው። ከ4.75 ካነሰ ለየቦርዱ ለብቻው ወፈር ያለ ሽቦ ከምንጩ መሳብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጣጣ ቆጣሪው ላይ ይታያል። ከ0 እስከ 7 በደህና ይቆጥርና 8 ላይ ሲደርስ ይዘላል፣ ወይም ወደ 0 ይመለሳል። 0111 (7) ወደ 1000 (8) ሲለወጥ አራቱም ቢት (0 ወይም 1 የሚሆኑት አሃዞች) በአንድ ቅጽበት ስለሚገለበጡ ቮልቱ ይንገዳገዳል። መድኃኒቱ ላዩ ላይ 104 የተጻፈበት ካፓሲተር (ጥቂት ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ) ነው፤ በእያንዳንዱ ቺፕ የ5 ቮልትና የግራውንድ እግር መሃል፣ እጅግ ተጠግቶ ይተከላል። በኪቱ ውስጥ ያለው አይበቃም፤ ደግነቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች ዘንድ አይጠፋም።

ሚሞሪው 74ኤልኤስ189 የሚባሉ ሁለት ቺፖች ነው፤ የሚይዘው 16 ባይት (እያንዳንዱ 8 ቢት) ብቻ። መውጫው የተገለበጠ መሆኑን መመሪያው በግልጽ አይናገርም፦ 0101፣ ማለትም 5፣ ያስገባ ሰው 1010፣ ማለትም 10 ሆኖ ያገኘዋል። ቺፑ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል በፊት 0ን ወደ 1፣ 1ን ወደ 0 የሚገለብጠውን 74ኤልኤስ04 ቺፕ በመሃል አስገብቶ መልሶ መገልበጥ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ይህ ሚሞሪ ባዶ ይቀራል፤ ፕሮግራሙን በማብሪያ ማጥፊያዎቹ እንደገና ባይት በባይት ማስገባት ግድ ነው። ባለ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ፣ ኮምፒውተሩ 1 አምፔር ቢስብ፣ 5 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ለኛ አገር መብራት ከቻርጀር ይልቅ የሚመረጠው እሱ ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው በውርጩ ወራት ባና ለብሶ፣ ጉልበቱ ላይ ቦርዱን ዘርግቶ መገጣጠም ይቀናዋል። ይህ ክልክል ነው! አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት ሱፍ የሚያመነጨው ስታቲክ 28ሲ16 የተባለውን የትእዛዝ ቺፕ ድምፅ ሳያሰማ ይገድለዋል። ባዶ እንጨት ጠረጴዛ ላይ መሥራት፣ ቺፑን ከጥቁር ስፖንጁ ከማውጣት በፊትም ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት መንካት ይበጃል።

ሦስት አራት ሆኖ ለሚማር የትምህርት ቤት ክበብ ኪቱን መግዛት ያዋጣል፤ ጽሑፍ መጻፊያና ኢንተርኔት መክፈቻ ለሚፈልግ ግን ጨርሶ አይሆንም። የሚገዛ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ከወረደ አይቀር ሁለት 74ኤልኤስ04፣ አንድ ትርፍ 28ሲ16፣ ጥርሱ የጠበቀ ብሬድቦርድና 50 ያህል ባለ 104 ካፓሲተር አብሮ ይዞ ይመለስ።