ቀለበት ለምታሰፉ፦ እናንተ ፊት ሳይመዘን አትስጡ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቀለበት ለማስፋት ወርቅ ቤት ለምትሄዱ ሁሉ ነው የምጽፈው። በተለይ ለሠርግና ለኒካህ ለምትዘጋጁ፣ የቆየው ቀለበታቸው ጣታቸው አልገባ ላላቸው እናቶችና አባቶችም ጭምር። የእጅ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚያጣላ አይደለም፤ ገንዘባችሁ የሚበላው «ወርቅ ተጨምሮበታል» በምትለው ቃል ላይ ነው። ስንት ተጨመረ? የት ተመዘነ? ይህን ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ።

እናቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የጋብቻ ቀለበቷ ባለ 18 ካራት ነው፤ ፈርጥ የለውም፣ ዙሪያውን እኩል ስፋት ያለው ልሙጥ ቀለበት ነው። የጣቷ አንጓ በዕድሜ አብጦ አላወጣም አላስገባም ሲላት ደሴ ካለ አንድ ወርቅ ቤት ወሰደችው። «እማማ፣ ሁለት ቁጥር ይሰፋል፣ አንድ ግራም ወርቅ ይገባበታል» አላት ወርቅ ሠሪው። የአንድ ግራም ወርቅ ሂሳብና የእጅ ዋጋ ከፍላ፣ ልጁንም መርቃ ተመለሰች። እኔ ቀለበቱን ሳየው በመዳፍ በኩል ያለው ጎኑ ሳስቷል። ሲገዛ የተሰጠው ደረሰኝ ቤት ውስጥ ስለነበር አወጣሁት፤ 4.2 ግራም ይላል። ሌላ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት፤ 4.1 ግራም። ስንት ዓመት ጣት ላይ የዋለ ወርቅ ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው፣ እሱን አልቆጥርም። ግን አንድ ግራም ተጨመረበት የተባለ ቀለበት ከ5 ግራም በላይ መሆን ነበረበት። ምንም አልተጨመረበትም፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ነው የሰፋው።

ቀለበት በሁለት መንገድ ይሰፋል። አንዱ፣ በእሳት አለስልሶ ጫፉ እየቀጠነ በሚሄድ ክብ ብረት ላይ አግብቶ መቀጥቀጥ ወይም መወጠር ነው። በዚህ መንገድ ምንም ወርቅ አይገባም፤ ያው ወርቅ ይሳሳና ይረዝማል፣ ክብደቱ እንደነበረ ይቆያል። ልሙጥ ለሆነ ቀለበት፣ ለግማሽ ቁጥር ወይም ለአንድ ቁጥር ከሆነ ተገቢ ሥራ ነው፤ የሚከፈለው ግን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ከጀርባው ቆርጦ፣ ከፍቶ፣ በመሃል ወርቅ ጨምሮ መበየድና ማለስለስ ነው። ይሄኛው እጅ ይበላል፣ ወርቅም ይገባበታል፣ ዋጋው ቢጨምር አይገርምም። የመጀመሪያውን ሠርቶ የሁለተኛውን ማስከፈል ግን ሌብነት ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም።

አሁን ሂሳቡን ተከተሉኝ፤ ስልካችሁ ላይ ባለው ማስያ ይሠራል። ቀለበቱን በክር ዙሩትና ክሩን በማስመሪያ ለኩት። የእናቴ 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 4.2 ግራምን ለ60 ስታካፍሉት እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 0.07 ግራም ይይዛል። ብዙ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የአሜሪካው የቀለበት ቁጥር በአንድ ሲያድግ ዙሪያው የሚጨምረው 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 5 ጊዜ 0.07፣ 0.35 ግራም። ቆርጦ ቢጨምርበት እንኳ የሚያስፈልገው የግራም ሲሶ ያህል ነበር፤ የተጠየቀው አንድ ሙሉ ግራም ነው። ከላይ ወፍራም፣ ከጀርባ ቀጭን የሆኑ የሴት ቀለበቶች ላይ ደግሞ የሚቆረጠው ቀጭኑ ቦታ ስለሆነ ከዚህም ያንሳል። ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ የወርቅ ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው፤ ግማሽ ግራም ዛሬ የአንድ ቤተሰብ አስቤዛ ነው። «ትንሽ ናት» ተብላ የምትታለፍ አይደለችም።

ስለዚህ ቀለበቱን ከመስጠታችሁ በፊት እናንተ ፊት ይመዘን፣ ክብደቱ ይጻፍ። ስትቀበሉም እንደገና ይመዘን። የወርቅ ሂሳብ የሚከፈለው በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ነው። ሲሞረድ የሚበንን ጥቂት ወርቅ መኖሩ እውነት ነው፣ እሱ ግን የግራም ሽርፍራፊ ነው እንጂ ግራም አይሞላም። እኔ ገንዘቡን ለመጠየቅ ስሄድ የተሰጠኝ መልስ «በብናኝ ሄደ» የሚል ነበር። የተቆረጠ ቦታ አሳየኝ ስለው ዝም አለ። ብየዳ ያለበት ቀለበት በአጉሊ መነጽር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ስስ መስመር ይታይበታል።

ተጨምሮ ከሆነም የምን ካራት እንደተጨመረ ጠይቁ። ውስጡ 750 የሚል ማኅተም ያለው ቀለበት 18 ካራት ነው፣ 875 ከሆነ 21፣ 585 ከሆነ 14። በ21 ካራት ቀለበት መሃል 14 ካራት ቁራጭ ገብቶበት የ21 ሂሳብ ከተከፈለ ሌላ ኪሳራ ነው፤ ቆይቶ ቀለሙም ይለያል፣ ስትሸጡትም ገዢው ይቀንስበታል። በማግኔት እንፈትናለን የሚሉ አሉ፣ አይጠቅማችሁም፤ ነሐስም መዳብም በማግኔት አይሳቡም። ድንጋይ ላይ ፍቆ በአሲድ የሚፈትን ወርቅ ቤት ፈልጉ፣ የተበየደበትን ቦታም ለይቶ ይፈትንላችሁ።

የደላንታ ኦፓል ያለበት ቀለበት ካላችሁ ደግሞ አደራ። ኦፓል በውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ነው፤ የብየዳ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ድንጋዩ ሳይወጣ እንዲበየድ አትፍቀዱ፤ ማውጣትና መመለስ የሚጠይቀውን የእጅ ዋጋም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ፈርጥ የተደረደረበት ቀለበት ግን ባይነካ ይሻላል፣ ሲወጠር ፈርጦቹ ይላላሉ።

ጣት ስትለኩም አትቸኩሉ። በብርድ ጣት ይቀጥናል፣ በሙቀት ያብጣል። ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ የተለካ ጣት ከሰዓት ኮምቦልቻ ሲወርድ ሌላ ጣት ነው። ኮምቦልቻ የምትኖሩ ሰዎች ከሰዓት በኋላ፣ ሰውነታችሁ ሲሞቅ ተለኩ፤ ያለበለዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ከፍላችሁ ታሰፋላችሁ።

የእኛ ነገር እንዲህ አለቀ። ሁለተኛው ወርቅ ቤት ክብደቱን በወረቀት ጽፎ ማኅተም አደረገልኝ፤ ሳንቲም አልጠየቀኝም፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችም ከተማችን ውስጥ አሉ። ያንን ወረቀትና የድሮውን ደረሰኝ ይዤ ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ እንደምሄድ ለመጀመሪያው ወርቅ ሠሪ ስነግረው የወርቁን ሂሳብ መለሰ። የሳሳውን ቀለበት ግን እንደነበረ ሊያደርገው አልቻለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፣ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥም ያዛል። ደረሰኙ ላይ የገባበት ክብደት፣ የወጣበት ክብደት፣ ካራቱ፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው ይጻፍ። «ለቀለበት ሥራ» ብቻ ብሎ አንድ ድምር የሚጽፍላችሁ ከሆነ ቀለበታችሁን ይዛችሁ ቀጥሎ ያለው ወርቅ ቤት ግቡ።